ከአራተኛው ዘንባባ ወዲህ

አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ላጫውታችሁ፤ አደራ፣ ከእናንተ አይለፍ። በዚህ ዓምድ ስለ ጉዞ፣ ስለ ጥሩ ጫማ፣ ውኃ ስለ መያዝ ስንት ጊዜ መክሬያችኋለሁ! ታዲያ በደርግ ዘመን አዋሽ በረሃ ባለ አንድ የዱር አራዊት ፓርክ ታይፒስት ሆኜ ስሠራ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከቢሮው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ካልሆነ በቀር አንድ እርምጃ አልተራመድሁም። እባብ እፈራለሁ። ባሕር ዳር ለቀሩት ወዳጆቼ ግን አንበሳውን የጎረቤት ድመት አድርጌ እጽፍላቸው ነበር።

ከእነዚያ ወዳጆቼ አንዷ ራሂማ ናት። ግድግዳ ለግድግዳ ነው ያደግነው። አባቷ መስዑድ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ታንኳ ሠሪ ነበሩ፤ እሷ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ምንጣፍ ትሠራለች። ታናሽ ወንድሟ ቡርሀን በ1976 ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲለቅም ሹልክ ብሎ ወደ አዋሽ ጥጥ ለቀማ ሄደ። ዓመት ሳይሞላ አብሮት የሄደ የይፋግ ልጅ ተመልሶ «ወባ ገደለው» አለ። መቃብሩን አየህ ቢሉት አላየሁም አለ፤ ገደለው ግን አለ። እናቱ እሜቴ መዲና አላመኑም።

የተጻጻፍነውን ራሂማ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጣው ኖሯል። እንዳለ ነው የማቀርበው። ውሸቴንም አልነካሁትም።

*

አዋሽ፣ ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለራሂማ መስዑድ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እሜቴ መዲናስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነኝ። በማዘግየቴ ይቅርታ። የጽሕፈት መኪናው ሪባን አልቆ ነው ብልሽ በእጅሽ አትጽፊም ወይ ትያለሽ። ስንፍና ነው።

ለጠየቅሽኝ በየተራ፦ አዎ፣ ወፍሬያለሁ። የለም፣ አላገባሁም፤ ማነው ደግሞ እሱን ያስወራ? የአባቴ የዜማ ተማሪዎች ይሆናሉ፤ ድምፃቸው ሲደክም ምላሳቸው ይበረታል። በረሃው እውነት በረሃ ነው ወይ ላልሽውም፣ እሾህና አቧራ ነው፤ መኻሉ ላይ ግን ፍል ውኃ ይፈልቃል። ውኃው ሰማያዊ፣ ዳርና ዳሩ ዘንባባ በዘንባባ። ጎብኚ የሚሄድበት የእግር መንገድ አለ፤ በሳሩና በዘንባባው መኻል እየተሹለከለከ ይወስድሻል። እኔ በየእሑዱ እሄዳለሁ። ሳላ ቀንዱን እንደ ጦር አቁሞ ያልፈኛል፣ አዞው ውኃ ዳር ተኝቶ ያየኛል። ለምደውኛል።

አባቴ ለሆሳዕና ዘንባባ ላኪ ብለውኝ ነበር። ቅጠል መቁረጥ ክልክል ነው በያቸው። እንዲያውም አንድ ወሬ ልንገርሽ፦ በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ሰባት ዘንባባዎች ቅጠላቸው ተቋጥሮ ተገኘ። ሁለት ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ተጠምዝዞ፣ በሰው ደረት ልክ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ዘቦቹ «ለሆሳዕና የሚቆርጥ ክርስቲያን ምልክት አድርጎበት ነው» እያሉ እኔን ሲጎነትሉኝ ሰነበቱ።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር... ይኸው! እጄ ለምዶ ጻፈው። «በናፍቆት» ብለሽ አንብቢው።

እህትሽ የሺአረግ

*

ባሕር ዳር፣ ጥር 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለየሺአረግ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ጽሕፈቴን አትሳቂበት። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ይዣለሁ፤ ረጅም ሰላምታ ግን አላስተማሩኝም።

ስለ ውፍረትሽ በኋላ እናወራለን። ስለ ቋጠሮው ንገሪኝ።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል አባቴ ታንኳ ይዘው ደንገሉ ውስጥ ሲገቡ ታስታውሻለሽ። ደንገሉን ነፋስ ያዞረዋል፤ ጠዋት የገባሽበት መንገድ ከሰዓት የለም። ስለዚህ በሚታጠፉበት ሁሉ ሁለት ደንገል አንድ ላይ ይቋጥራሉ፣ ሲመለሱ እየፈቱ ይወጣሉ። ተቋጥሮ ካለ ሰውዬው ገና አልተመለሰም፤ ከተፈታ ወጥቷል። ሌላ ሰው አይነካውም። «የሰው ቋጠሮ የፈታ የሰው መንገድ ዘጋ» ይሉን አልነበር? ታንኳ የሚነዳ ሁሉ ይቋጥራል፤ የአባቴ ግን ለብቻው ነው። ግራኝ ነበሩና ወደ ግራ ነው የሚጠመዘዘው፣ ጫፉ ከታች ወደ ላይ ይሸጎጣል። ያንን የሚያውቅ ሦስት ሰው ነው፤ እሳቸው፣ እኔና ቡርሀን።

የሺዬ፣ ወደ የት ነው የተጠመዘዘው? ጫፉስ? ቅጠሉ እርጥብ ነው ደረቅ?

የምቸኩልበትን ልንገርሽ። አጎቴ ከጎርጎራ መጥቶ «ለሞተ ሰው ሰደቃ ሳይወጣ ዘንድሮ ረመዳን አይገባም» አለ። ሚያዝያ ሦስት፣ ጁምዓ፣ ቀን ተቆርጧል። እህሉም ተሰብስቧል። እናቴ ግን ጆንያው ላይ ተቀምጣለች። በምሳሌ እንዳይመስልሽ፤ ተቀምጣበታለች፣ ምሳዋንም እዚያው ነው የምትበላው። «ልጄ ሳይሞት አላስፈጭም» ትላለች። እስከ ሚያዝያ ሦስት ወይ መኖሩን የሚያሳይ ነገር በእጄ ይገባል፣ ወይ ወንድሜን በቁሙ እንቀብረዋለን። ሁለተኛውን እኔ አላደርገውም።

በፖስታ አትላኪ። የአሰብ መንገድ ሾፌሩ ወልደ ገብርኤል በናንተ በኩል ያልፋል፤ በእሱ እጅ ይሁን። እሱ ወሬ እንጂ ደብዳቤ አያነብም።

ራሂማ

*

አዋሽ፣ የካቲት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ እሑድ

ራሂማዬ፣

መጀመሪያ ይቅርታ። ሁለተኛም ይቅርታ። ወደ የት እንደተጠመዘዘ አላውቅም፤ አላየሁትማ። አንበሳም አላየሁም። ሳላ ያየሁት ቢሮው ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ነው። የቋጠሮውን ወሬ ያገኘሁት የዘቦቹን ሪፖርት ስተይብ ነው። «በዓይኔ በብረቱ» ያልሁት ከየት እንደመጣ እግዚአብሔር ይወቀው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ወደ ጋሽ ሣህሉ ሄድሁ። የፍል ውኃው ዘብ ናቸው። ሁለት ጥርስ ነው የቀራቸው፤ ምላሳቸው ግን ሙሉ ነው።

«ጋሽ ሣህሉ፣ መንገዱን ያሳዩኝ» አልኋቸው።

«የቱን? የመጸዳጃውን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

«የዘንባባውን።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና «በዚህ ጫማ?» አሉ።

ተረከዙን በመጥረቢያ አስቆረጥሁት። ያ ለጥምቀት የገዛሁት ቀዩ! ጋሽ ሣህሉ ራሳቸው ናቸው የቆረጡት፤ ደስ ብሏቸው።

ዛሬ ሄድሁ። እስከ ሰባተኛው ዘንባባ ድረስ፣ በእግሬ። ውኃው ሰማያዊ ነው ብዬሽ አልነበር? እውነት ሆኖ ሳገኘው ደነገጥሁ። ሳሩ ከቁመቴ በላይ ነው፤ ዘንባባው እርስ በርሱ እየተቃቀፈ ሰማዩን ይከልላል። ከሦስተኛው ዘንባባ በኋላ ወደ ኋላ ዞሬ ብመለከት የመጣሁበት መንገድ የለም። ደንገል ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነገርሽ ገባኝ፤ የጣና ልጅ እዚህ ቢመጣ ከመቋጠር ሌላ ምን ያደርጋል?

ስለ ቋጠሮው ግን ዛሬ አልጽፍልሽም። አጣርቼ እጽፋለሁ። እሜቴ መዲና ከጆንያው እንዳይነሱ።

የሺአረግ

*

ባሕር ዳር፣ የካቲት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

የሺአረግ፣

ደኅና ነን። ስለ ተረከዝሽ ሳቅሁ፤ እናቴም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ከዚያ መጨረሻውን ድገሚልኝ አለችኝ። ስደግምላት እንዲህ አለች፦ «ይህች ልጅ ትንሽ ሳለች እንቁላል ሰብራ ስትመጣ ልክ እንዲህ ነበር የምታወራው።»

ምን ሰበርሽ?

ሬሳ አይተሽ እንደሆነ ጻፊው። አልወድቅም። ያላየሽውን ስትጽፊ እንዲያ አሳምረሽ፣ ያየሽውን ምነው ፈራሽው?

ራሂማ

*

አዋሽ፣ የካቲት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

ራሂማዬ፣

ሬሳ አላየሁም። ቋጠሮም አላየሁም። ሰባቱም ተፈትተዋል፤ የፈታቸው ግን ባለቤታቸው አይደለም።

ጥር 20 ቀን ኃላፊያችን «በዘንባባዎቹ ላይ የተገኘው ምልክት ሁሉ እንዲፈታ» የሚል ትእዛዝ አጻፈ። የተየብሁት እኔ ነኝ። በካርቦን፣ በሦስት ኮፒ፣ አንድ ፊደል ሳልሳሳት። የፈቱት ጋሽ ሣህሉ ናቸው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ያን እሑድ ባዶውን ዘንባባ እያየሁ ስመለስ ይህን ልጽፍልሽ እጄ እምቢ አለኝ።

ወደ የት ተጠምዝዞ እንደነበር ጋሽ ሣህሉን ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን በአየር ላይ አዞሩ፣ እንደገና እንደሚፈቱት ሁሉ። «የፊተኛው አስቸግሮኛል» አሉ። «በቀኜ ብታገለው እምቢ። በግራዬ ስይዘው ተፈታ። ጫፉ በላይ በኩል ነበር ብቅ ያለው። ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው።»

ሌላም አለ። አምና ክረምት ከብት ውኃ ሊያጠጡ ከመጡ አፋሮች ጋር አንድ የደጋ ልጅ አይተዋል። ከብቱን አጠጥቶ አብሯቸው ወደ ማዶው ሜዳ ተሻገረ። ስሙን ጠየቁት ወይ ብላቸው «በዚህ ዘመን ስሙ የማይጠየቅ ልጅ ብዙ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ወንድምሽ ጥር ላይ በሕይወት ነበረ። የሚመለስበትን መንገድ ደግሞ እኔ በአሥር ጣቴ ዘጋሁበት። አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ አሁን አላለቅስም። ምን ላድርግ? የምትይኝን አደርጋለሁ።

የሺ

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

የሺዬ፣

አልተቆጣሁም ብልሽ አንቺን መሆኔ ነው። ሁለት ቀን ምንጣፍ ስሠራና ስፈታ ዋልሁ። አጎቴ ሲሰማ «ዘብ በአየር ላይ ያዞረውን እጅ ይዤ ሰደቃ አላስቀርም» አለ። እናቴ ግን ምን አለች መሰለሽ? «ደንገሉ ስንቴ ዘግቶብን ስንቴ ወጣን? እሷ አታውቅም፤ ንገሪያት።»

እንግዲህ ስሚ። ሰው ደንገል ውስጥ ሲጠፋ የቤቱ ሰው ከውጭ በኩል በጠፋው ሰው ቋጠሮ እየቋጠረ ይገባል። የጠፋው ቋጠሮውን ሲያገኝ የራሱ ሰዎች እንደመጡ ያውቃል፤ ያን እየፈታ ይወጣል። ሰባቱንም መልሰሽ ቋጥሪ።

ሁለት ደረቅ ደንገል የአባቴን ቋጠሮ ቋጥሬ በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። ሳትፈቺ አጥኚው። በግራ እጅሽ ሥሪ። ወደ ግራ ጠምዝዢ፣ ጫፉን ከታች ወደ ላይ ሸጉጪ። እስኪለምድሽ ቢሮ ውስጥ በሪባንሽ ተለማመጂ፤ መቼም ሥራ የለሽም።

አንድ አደራ። ብታገኚው ወደ ቤት ና አትበይው። ቀበሌው ስሙን አልረሳም። እኔ የምፈልገው መኖሩን ነው። «ቤት አትምጣ፤ እናትህ መኖርህን ታውቃለች» በይው። ሌላ ቃል አትጨምሪ፤ አውቅሻለሁ።

እኔም የይለፍ ወረቀት ጠይቄያለሁ። ከተሰጠኝ እመጣለሁ።

ራሂማ

*

አዋሽ፣ መጋቢት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ እሑድ

ራሂማዬ፣

እጄ በእሾህ ተቦጫጭሯልና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታ። ሰባቱም ተቋጥረዋል።

ለጋሽ ሣህሉ ሁሉንም ነገርኋቸው። «እኔ ትእዛዝ ፈጽሜያለሁ» አሉ። «ፈታሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ዳግመኛ ፍታ የሚል ወረቀት ካልመጣ አልፈታም። ወረቀቱን የምትተይቢው ማነሽ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ሪባን የለም በያቸዋ!»

ጾም ስለሆነ በቆሎ ቆሎ ይዘን ወጣን። እስከ ሦስተኛው ድረስ ደንገልሽን ፊት ለፊቴ እያደረግሁ፣ ስሳሳትም እየፈታሁ፣ እንዳልሽኝ አደረግሁ። አራተኛው ላይ ግን... ይኸን እንኳ ልደብቅሽ አስቤ ነበር፤ መዋሸት ትቻለሁ። አራተኛው ላይ ሳሩ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። እባብ መሰለኝ። እጄ የሚያውቀውን ሠራ፤ የሆሳዕና ቀለበት አጠፈ። ያ በየዓመቱ ከደብራችን ቅጠል ይዤ ስመጣ ለቡርሀን ጣት የምሠራለት! «እኔም ይደረግልኝ» እያለ ሲያለቅስ እሜቴ መዲና «ኧረ አድርጊለት፣ ቅጠል አይደል?» የሚሉኝ። ፈትቼ እንዳላስተካክለው ጋሽ ሣህሉ «ከርከሮ ነው፣ ግልገል አላት፣ እንሂድ» ብለው ጎትተው ወሰዱኝ። ሦስቱን የቀሩትን በደንብ ቋጠርሁ፤ ስንመለስ ግን ከርከሮዋ እዚያው ስለነበረች በሌላ በኩል ዞርን።

አንዱን አበላሽቻለሁ። ይቅር በይኝ።

የሺ

*

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

የሺዬ፣

የይለፍ ወረቀቱ አልተሰጠኝም። የቀበሌው ሊቀመንበር «አዋሽ ምን ልታደርጊ?» አለኝ። «በረሃውን ልጎበኝ፤ ዘንባባና ፍል ውኃ አለው» አልሁት። «ጣና ምን ጎደለሽ?» አለ፤ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «ወንድምሽ የሄደው በዚያ በኩል አይደል?» አለኝ። ሳቄን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

አጎቴ እህሉን ወደ ወፍጮ ሊወስድ ከሰባታሚት አህያ ተውሶ መጣ። እናቴ «እኔንም ደርበህ ጫን» አለችው። አህያዋ ባዶዋን ተመለሰች። ሚያዝያ ሦስት ግን ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ ሽማግሌ ፊት ጆንያ ላይ አይቀመጡም።

ስለ አራተኛው አትጨነቂ። ስድስት ይበቃል። እኔ መምጣት ስላልቻልሁ በእኔ ዓይን እይልኝ።

ራሂማ

*

አዋሽ፣ መጋቢት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ራሂማዬ፣

ሰላምታውን ዝለይው፤ ወልደ ገብርኤል መኪናውን አስነስቶ ጡሩምባ እየነፋብኝ ነው።

እህሉ አይፈጭ! እሜቴ መዲና ተነሥተው እግራቸውን ያፍታቱ፤ እህሉ ግን አይፈጭ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ሣህሉ መጥተው «ሰባተኛው ተፈትቷል» አሉኝ። ነፋስ ነው አልሁ። ትናንት ስድስተኛውና አምስተኛው ተፈቱ። ነፋስ በተራ አይፈታም። ዛሬ በጠዋት ከእሳቸው ጋር ራሴ ሄጄ አየሁ። ቅጠሎቹ አልተቀደዱም፤ በእጅ ተደላድለው ነው የተለያዩት። ከማዶው ሜዳ ወደ እኛ እየፈታ የመጣ ሰው ነው።

አራተኛው ጋ ግን ቆምሁ። የእኔ የሆሳዕና ቀለበት እንዳለ ነው፤ የፈታው ሰው አልነካውም። የሰው ቋጠሮ ነዋ። ከጎኑ ግን ሌላ ቋጠሮ አለ። እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ ከታች ወደ ላይ የተሸጎጠ። ደንገልሽን አጠገቡ አድርጌ ሁለት ጊዜ አስተያየሁት። ጋሽ ሣህሉ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ያን ቋጠሮ የሚያውቅ ሦስት ሰው ነው ብለሽኛል። አባትሽ በሕይወት የሉም። አንቺ ባሕር ዳር ነሽ።

ቡርሀን ከአራተኛው ወዲህ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ የዘቦቹ ቤትና ባንዲራው ይታያል፤ መፍራቱ ደግ አደረገ። የሚጠብቅ ግን ይመስለኛል፤ ሥሩ ላይ ሳሩ በመቀመጥ ብዛት ተኝቷል። ከአራተኛው ወዲህ ያሉት ሦስቱ ደግሞ የእኔ ናቸው። የቋጠርኋቸው እኔ፣ የምፈታቸውም እኔ። ነገ እሑድ ነው። ተረከዝ የሌለውን ቀይ ጫማዬን አድርጌ፣ ውኃና ቆሎ ይዤ፣ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እየፈታሁ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ጋሽ ሣህሉን የደንብ ልብሳቸውን እንዳያይ እዚህ ይቅሩ ብያቸዋለሁ። እባቡንም ከርከሮዋንም ብቻዬን እችላቸዋለሁ። ቃልሽን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዣለሁ፤ አንድ አልጨምርበትም።

አራተኛው ዘንባባ ሥር የማገኘውን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እጽፍልሻለሁ። ያየሁትን ብቻ።

የሺ